«ስትተኛ ነው የሚብስባት»፦ በአራስ ቤት ባህሪው የተቀየረ ራስ ምታት

ታካሚዋ የ27 ዓመት ሴት ናት። የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ግንፍሌ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ተገላገለች። በወለደች በ13ኛው ቀን ሌሊት ግራ እጇ ሳታዝዘው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወዲያው መላ ሰውነቷን አንቀጠቀጣትና ራሷን ሳተች። ሆስፒታል ደርሳ ስትመረመር ከአንጎል ደም የሚመልሰው ትልቁ ቦይ በረጋ ደም ተዘግቶ ተገኘ።

ራስ ምታቱ ከጀመራት ያን ጊዜ 11 ቀን ሆኖት ነበር። በእነዚያ ቀናት አራት ሰዎች ሰምተዋታል፤ ያዋለዳት ሆስፒታል፣ እናቷ፣ የሰፈር ክሊኒክና በስልክ የተማከረች ነርስ። እያንዳንዳቸው ምክንያት ሰጥተውታል፤ የመጀመሪያው ምክንያት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር። ይህ ጉዳይ ሊጻፍ የሚገባውም ለዚሁ ነው። የመጀመሪያው ራስ ምታት በትክክል ስም ተሰጠው፣ ሄደ። ሁለተኛው መጣና በመጀመሪያው ስም ተጠራ።

የመጀመሪያው ራስ ምታት

ኦፕራሲዮኑ የተሠራው በስፓይናል፣ ማለትም ወገብ ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጇን ለማጥባት ቀና ስትል ከማጅራቷ ተነስቶ ግንባሯ ድረስ ያዛት። ጋደም ስትል በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ፤ እንደገና ስትነሳ ተመለሰ። የደም ግፊቷ 118/74 ነበር፤ ትኩሳት የላትም፣ አንገቷም እንደ ልብ ይታጠፋል።

ይህ የስፓይናል ራስ ምታት ነው። መርፌው የአከርካሪ ሽፋኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል፤ በዚያ ቀዳዳ አንጎልን ተንሳፍፎ የሚያቆየው ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ሰው ሲቀመጥ ፈሳሹ ያነሰው አንጎል ወደ ታች ስለሚጎትት ያማል፤ ሲተኛ ጉተታው ስለሚቀር ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከተወጉ በ5 ቀን ውስጥ ይጀምርና በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ቀጭን መርፌ፣ ለምሳሌ 25 ጌጅ ሆኖ ጫፉ እንደ እርሳስ የተሾለው፣ ችግሩን ይቀንሳል። ወፍራምና ጫፉ የሚቆርጥ መርፌ፣ እንዲሁም ደጋግሞ መውጋት ያብሱታል። በእሷ ካርድ ላይ መርፌው በሦስተኛው ሙከራ እንደገባ ተጽፏል።

የተሰጣት ምክርም ተገቢ ነበር፤ ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ከዚያም ቡና። በሦስተኛው ቀን «የማደንዘዣው ነው፣ በሳምንት ይለቅሻል» ተብላ ወጣች። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ተኝተሽ የማይለቅሽ ከሆነ ወይም ከተሻለሽ በኋላ በሌላ መልክ ከተመለሰ ቶሎ ነይ» የሚል። መውጫ ወረቀቷ ላይ ስለ ቁስሉና ስለ ክር ማውጫው ቀን ተጽፏል፣ ስለ ራስ ምታቱ ግን ምንም የለም።

በ6ኛው ቀን ተቀምጣ ገንፎዋን በላች፣ አራስ ጥየቃ ከመጡ ጎረቤቶች ጋርም ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተች። በ7ኛው ቀን ጭራሽ አላመማትም።

ሁለተኛው

በ8ኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ራስ ምታት ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ይሄኛው ማጅራቷን ሳይሆን ጭንቅላቷን ሁሉ የያዘ፣ እሷ እንደገለጸችው «ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ» ነበር። ልጇን አንስታ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ቀለል አላት። ጡት አጥብታ መልሳ ስትተኛ ባሰባት። ስታስል፣ ስትስቅ፣ ሽንት ቤት ስታምጥ ጭንቅላቷ የሚፈነዳ ይመስላታል።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ስትቀመጥ የሚመጣ፣ ስትተኛ የሚሄድ ነበር። ሁለተኛው በትክክል የዚያ ግልባጭ ነው። የመጀመሪያው በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ሲያንስ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ግፊቱ ሲጨምር። ሰው ሲተኛ ከጭንቅላት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በስበት አይታገዝም፤ መውጫው ጠብቦ ከሆነ ደግሞ ይጠራቀማል። ማሳልና ማማጥ ለአፍታ ያንኑ ግፊት ያንሩታል። ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረው ንጋት ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን መጀመሪያ ያስተዋሉት ልጃቸውን ለማረስ ከደብረ ብርሃን የመጡት እናቷ ናቸው። በኋላ ሆስፒታል ሲጠየቁ የተናገሩት በካርዱ ላይ እንዳለ ሰፍሯል፦ «የድሮው ስትቀመጥ ነበር የሚይዛት፤ ይሄኛው ስትተኛ ነው የሚብስባት»። ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ይህን ያውቁ ነበር። የጠየቃቸው ግን አልነበረም። እሳቸው በበኩላቸው የክረምት ብርድ መቷት ነው ብለው መስኮቱን ዘጉ፣ ዳማከሴ ጨምቀው በቡና ሰጧት፣ ከሰል ምድጃውንም ወደ መኝታ ቤቱ አስገቡ።

እዚህ ላይ የከሰሉን ነገር ማለፍ አይገባም። በአዲስ አበባ ክረምት፣ በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለው፣ ሕፃንም እናትም ይገድላል። የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መድከም ነው። መለያው ሁለት ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሰዎች አብረው ያማቸዋል፣ ንጹሕ አየር ሲያገኙ ደግሞ ይሻላቸዋል። ባለቤቷ በ9ኛው ቀን ምድጃውን ወደ በረንዳ አውጥቶ መስኮቱን ከፈተ። ሌላ ሰው አላመመውም፣ የእሷም አልተለወጠም። ሳያውቀው ጥሩ ምርመራ ሠርቷል፤ ከሰሉ ከጥርጣሬ ወጣ።

በ10ኛው ቀን ስታስመልስ ጊዜ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ተወሰደች። ግፊት 122/80፣ ሙቀት 37.1። ደም ተወሰደ፤ ቪዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ 1 ለ160 ሆነ፣ የታይፈሱም «ፖዘቲቭ» ተባለ። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ተብላ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሕመሙም ዲክሎፌናክ ታዘዘላት።

በከተማችን ስንት ራስ ምታት በዚህ ጥንድ ስም እንደተሸፈነ ያየ ሁሉ ያውቃል። የአንድ ጊዜ ቪዳል የሚያሳየው ሰውነት ከተህዋሲው ወይም ከዘመዶቹ ጋር አንድ ጊዜ መገናኘቱን ነው፤ ዛሬ መታመሙን አይደለም። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰው ላይም 1 ለ160 ይገኛል። ትኩሳት የሌለው፣ ማለዳ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ሲተኙ የሚብስ ራስ ምታት የታይፎይድ መልክ የለውም። ሌላም ጉዳት አለ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን አንጎሉ ቀድሞ የተነካ ሰው ላይ ለመንቀጥቀጥ መንገድ ሊያቀል ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የምርመራ ወረቀቱ ለቤተሰቡ የሰጠው እርግጠኝነት ነው። መልስ ተገኝቷል፣ መድኃኒቱ ተጀምሯል፣ ስለዚህ ይጠበቅ ተባለ። ክሊኒኩ ውስጥ ሽንቷ አልታየም፣ የዓይኗ ውስጥ አልታየም፣ እጆቿን ዘርግታ እንድትይዝም አልተጠየቀችም።

በ11ኛው ቀን ባለቤቷ የሚያውቃት ነርስ ጋር ደወለ። «የስፓይናል ራስ ምታት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ቡና ትጠጣ» አለችው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ የተነገረው ግን ስለ ሌላ ራስ ምታት ነው። «ስትተኛ ይለቃታል ወይስ ይብስባታል?» ቢባል ኖሮ ስልኩ ሳይዘጋ ሁሉም ነገር ይለወጥ ነበር።

በ12ኛው ቀን ሁለት ነገር ሆነ፤ ሁለቱንም ታካሚዋ በድካም አሳበበቻቸው። ልጇን ለማንሳት ስታጎነብስ ሁለቱም ዓይኖቿ ለጥቂት ሴኮንድ ጨለሙባትና መልሰው ማየት ጀመሩ። ዳይፐር ስታስር ደግሞ የግራ እጇ ጣቶች ማጣበቂያውን ሊይዙላት አልቻሉም፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ለእናቷ ተወችው። ማታ ላይ የቡና ስኒ ከዚያው እጇ አምልጦ ተሰበረ።

ሌሊቱ

መንቀጥቀጡ ከግራ እጇ ጣቶች ጀምሮ ወደ ክንዷ፣ ከዚያም ወደ ፊቷ ወጣ፤ በመጨረሻ መላ ሰውነቷን ያዘ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከአንድ እጅ መጀመሩን ያየው ባለቤቷ ነው፤ ይህም በኋላ ለሐኪሞቹ ትልቅ ፍንጭ ሆነ።

የጎረቤት ሰዎች ክብሪት ጭረው አሸተቷት፤ አንዱ ምላሷን እንዳትነክስ ብሎ ማንኪያ አስገባባትና የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። ክብሪት ማሽተት የሚያመጣው ለውጥ የለም። አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ደግሞ ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽም ይዘጋል። የሚያንቀጠቅጠውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱ ስር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ምድጃና ጀበና ከአጠገቡ ማራቅ፣ በስልክ ሰዓት መያዝ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የሚጥል በሽታ እንዳለበት በሚታወቅ ሰው ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ መቆየቱ ወይም መደጋገሙ ታይቶ ሊወሰን ይችላል። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ላይ ግን አንድ ጊዜም፣ አንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እሷን በብርድ ልብስ ተሸክመው አራቱን ፎቅ አወረዱና በዝናብ በራይድ ወሰዷት።

ድንገተኛ ክፍል

ስትደርስ ግፊቷ 150/94፣ የደም ስኳሯ 110፣ ኦክስጅኗ 93 በመቶ ነበር። ዓይኗን ትከፍታለች ግን ግራ ተጋብታለች። በወለደች በ6 ሳምንት ውስጥ ያለች ሴት ካንቀጠቀጣት፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ኢክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና የደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው ተብሎ ይታከማል፤ እዚህም እንደዚያው ተደረገ። ማግኒዚየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫዎቿ ተሰጣት። ውሳኔው ትክክል ነበር። ከዚህ ይበልጥ ትክክል የነበረው ግን ማግኒዚየሙ ተሰጥቷል ብለው ማሰብ አለማቆማቸው ነው።

ምክንያቱም የሚከተሉት ውጤቶች ከኢክላምፕሲያ ጋር አልገጠሙም። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የለም። ደም ለማርጋት የሚረዳው ፕላትሌት 310 ሺህ፣ ደህና ነው። የጉበት ምርመራው ደህና። ግፊቷ የግፊት መድኃኒት ሳይሰጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ 126/80 ሆነ፤ ያ 150/94 መንቀጥቀጡ ራሱ ያናረው ነበር። መንቀጥቀጡ ከአንድ እጅ ነው የጀመረው። ሁለት እጆቿን መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘርግታ ዓይኗን እንድትጨፍን ሲነገራት ግራው ቀስ እያለ ዞሮ ወረደ።

ከዚያ የዓይን ውስጥ መመልከቻው ተፈለገ። ከሌላ ክፍል እስኪመጣ 20 ደቂቃ ፈጀ፤ ምርመራው ራሱ 2 ደቂቃ አልፈጀም። መብራት ጠፍቶ በትንሿ ብርሃን ሲታይ የሁለቱም ዓይኖች ነርቭ ጠርዝ ደብዝዞ አብጧል፤ ጤነኛ ዓይን ላይ እንደ ሳንቲም ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታየው ክብ ዳሩ ጠፍቷል። ይህ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት እንደጨመረ የሚናገር ምልክት ነው። ያን ሌሊት ከተሠራው ሁሉ ርካሹ ምርመራ ይኸው ነበር፤ በ10ኛው ቀን ክሊኒኩ ውስጥ ቢታይ ኖሮም ምናልባት አብጦ ይገኝ ነበር።

ለሲቲ ስካን የተጻፈው የመጀመሪያው ትእዛዝ «ራስ ምታት፣ ከወሊድ በኋላ» ይላል። ተረኛዋ ሐኪም ቀድዳ ሌላ ጻፈች፦ «በ13ኛ ቀን አራስ፣ ሲተኙ የሚብስ ራስ ምታት፣ ከግራ እጅ የጀመረ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ነርቭ እብጠት፤ የአንጎል ደም መልስ ቦይ መዘጋት ይጣራ»። የወረቀቱ ለውጥ ቀላል አይምሰል። የመጀመሪያው ወረቀት የሚያስገኘው ያለ ቀለም የሚነሳ ተራ ሲቲ ነው፤ ይህ በሽታ ካለባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ላይ ደግሞ ተራው ሲቲ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሁለተኛው ወረቀት ቀለም ተወግቶ ደም መልሶቹ በሚሞሉበት ቅጽበት እንዲነሳ ያዝዛል። «ሲቲ ተነስታለች፣ ደህና ነው» የሚለው ቃል ስንቱን ታካሚ ወደ ቤት እንደመለሰ ሲታሰብ፣ ምን እንደሚፈለግ ጽፎ መላክ የምርመራው ግማሽ ነው። ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራ እዚህ አይረዳም፤ በወለደች ሴት ላይ ያለዚያም ከፍ ብሎ ይገኛል። ለቀለሙ ተብሎ ጡት ማጥባት ማቆምም አያስፈልግም።

ምስሉ ላይ በቀኝ በኩል፣ ከመሃል መስመሩ አጠገብ፣ 2 ሴንቲሜትር ያህል የፈሰሰ ደምና በዙሪያው እብጠት ታየ። ቅርጹ የደም ቅዳ መዘጋት ከሚያመጣው አካባቢ ጋር አይገጥምም። ቀለሙ ሲገባ በጭንቅላት አናት ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ቦይ ውስጥ ዙሪያው ነጭ፣ መሃሉ ጥቁር የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወጣ፤ ቀለሙ የረጋውን ደም ዙሪያውን አልፎት ነው። በማግስቱ የተነሳው ኤምአርአይ መዘጋቱ እስከ ቀኙ የጎን ቦይ እንደሚደርስ አረጋገጠ።

ለምን እሷ ላይ?

በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ደም ለመርጋት ይቀናዋል፤ ተፈጥሮ እናቲቱ ደም ፈሷት እንዳትሞት ያዘጋጀችው ነው። በዚያ ላይ ኦፕራሲዮኑ፣ አልጋ ላይ መዋሉ፣ ደሟ ማነሱ (ሄሞግሎቢኗ 9.6) ተጨመሩ። «አራስ ቀዝቃዛ ውሃ አይነካትም» እየተባለ የምትጠጣው ጥቂት አጥሚትና ሻይ ብቻ ነበር። የስፓይናሉ ቀዳዳም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የአከርካሪው ፈሳሽ ሲቀንስ ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት ደም መልሶቹ ይሰፋሉ፣ በሰፋ ቦይ ውስጥ ደግሞ ደም ዝግ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ራስ ምታት ሁለተኛውን ከመሸፈን አልፎ መንገድም ጠርጎለት ሊሆን ይችላል።

በሽታው ብዙ አያጋጥምም፤ መዘግየቱ ግን በዓለም ሁሉ ያለ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመውና ከተለያዩ አገሮች 624 ሕሙማንን በተከታተለው ጥናት፣ ከምልክቱ መጀመር እስከ መታወቁ ድረስ ያለፈው ጊዜ መካከለኛው 7 ቀን ነበር። ከሕሙማኑ 89 በመቶ ያህሉ ራስ ምታት ነበራቸው፣ 39 በመቶ ያህሉን አንቀጥቅጧቸዋል። በዚያው ጥናት አብዛኞቹ ድነዋል። ይህ ዜና ለቤተሰብ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

ሕክምናው

አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሷል፤ የሚታዘዘው ደግሞ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው። እናቷ ይህን ሲሰሙ «ልጄን ልትጨርሷት ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ ብዙ የጤና ባለሙያም በልቡ ይጠይቀዋል። የተሰጣቸው መልስ ይህ ነበር፦ «እማማ፣ ክረምት ላይ የጎርፍ ቱቦው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግቢ አይገባም? የእሷም ደም የፈሰሰው መውጫው ስለተደፈነ ነው። ቱቦው ካልተከፈተ ሌላም ይፈሳል»። እንዲህ ባለው ሁኔታ የፈሰሰ ደም መኖሩ መድኃኒቱን አያስከለክልም።

ክብደቷ 58 ኪሎ ነበር፤ በኪሎ 1 ሚሊግራም ሂሳብ ኢኖክሳፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ መርፌ 60 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ተጀመረላት። መንቀጥቀጡ እንዳይደገም ሌቬቲራሴታም 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተሰጣት። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ቀና ተደረገ። ዲክሎፌናኩ ከደም ማቅጠኛ ጋር ስለሚያደማ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲኑም ምክንያት ስላልነበረው ቆሙ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ብቻ ቀረ። እብጠት ለመቀነስ የሚታዘዘው ዴክሳሜታዞን አልተሰጣትም፤ በዚህ በሽታ እንደሚጠቅም አልታየም፣ ሊጎዳም ይችላል። ልጇ ከጎኗ ሆና ጠባች።

ሕክምናው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቷ በግማሽ ቀነሰ፤ በስድስተኛው ቀን በግራ እጇ የልጇን ቁልፍ ቆለፈች። በአራተኛው ቀን ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ክኒን 5 ሚሊግራም ተጀመረ፤ መርፌው ግን አልቆመም። ዋርፋሪን ሥራ እስኪጀምር ቀናት ስለሚፈጅ ሁለቱ ቢያንስ 5 ቀን፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው አይ ኤን አር ደግሞ 2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ አንድ ቀን እስኪያድር አብረው ይሰጣሉ። እዚህ ላይ መርፌው ውድ ነው ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ታካሚው ያለ መከላከያ ይቀራል። በ10ኛው ቀን አይ ኤን አሯ 2.3 ሆኖ መርፌው ቆመ፣ ወደ ቤቷም ሄደች። የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ክኒኑን አንድ ቀንም አላቋረጠችም። ሲጠየቅ ጾመ ፍልሰታ ገብቶ በየቀኑ ጎመንና ቆስጣ መብላት ጀምራለች። ቅጠላቅጠል በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም፤ በጾምም በፍስክም መጠኑን ማቀራረብና ጾም ሲገባና ሲወጣ በሳምንት ውስጥ አይ ኤን አር መለካት ነው። ከክሊኒክና ከፋርማሲ የሚሰጥ መድኃኒትም እንዲሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምሩ፣ ሌላ «ታይፎይድ» ቢታዘዝላት ኖሮ ይህን ጊዜ አደጋው መድማት ይሆን ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚል ካርድ እንድትይዝ ተደረገ።

ሌላው ራስ ምታት

የእሷ ታሪክ የአንድ በሽታ ነው፤ የአጠያየቁ መንገድ ግን ለሌላውም ይሠራል። ራስ ምታት የሚያስፈራው በኃይሉ ብቻ አይደለም። ማይግሬን ሰውን አልጋ ላይ ጥሎ በማግሥቱ ይለቃል፤ የእሷ ግን በ8ኛው ቀን ሊቻል የሚችል ሕመም ነበር። መጠየቅ ያለበት እንዴት እንደጀመረ፣ ከበፊቱ በምን እንደሚለይ፣ ማን ላይ እንደመጣ ነው።

እንደ መብረቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ ራስ ምታት፣ በኋላ ቢለቅም እንኳ፣ የፈነዳ የደም ሥር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሄዳል። ትኩሳት ኖሮ አንገት አልታጠፍ ሲል የማጅራት ገትር ነገር ነው፤ ፋርማሲ የሚያስቆም ጊዜ የለም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ፣ በተለይ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው፣ ቀስ እያለ ለሳምንታት የሚብስ ራስ ምታት ሲኖረው ትኩሳትም ባይኖረው ክሪፕቶኮከስ የተባለው የአንጎል ሽፋን የሚያጠቃ ፈንገስ መፈለግ አለበት። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፣ ጸጉር ሲያበጥሩ ጆሮ ግንድ ላይ የሚያም፣ ሲያኝኩ መንጋጋ የሚያደክም ራስ ምታት ዓይን ሳያጠፋ ሊታከም ይገባል። ሚኒባስ በር ላይ ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዛውንት ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ዝም ካሉና እግራቸው ከተጎተተ፣ «እርጅና ነው» ከመባሉ በፊት ሲቲ ይነሱ፤ ቀስ ብሎ የተጠራቀመው ደም በትንሽ ቀዳዳ ሊወጣ ይችላል።

አራስን በተመለከተ ደግሞ መጀመሪያ ግፊት ይለካ፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት ሳይፈለግ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ግፊቱ ደህና ከሆነ «ስትተኚ ይለቅሻል ወይስ ይብስብሻል?» ተብላ ትጠየቅ፤ ዓይኗ ውስጥ ይታይ፣ እጆቿን ትዘርጋ። ከወሊድ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን የሚደረገው የእናት ክትትል ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነበር። እሷ ግን አራስ ከቤት አትወጣም ተብሎ ቀርታለች፤ ቤት ድረስ የመጣም የለም።

ክትትሉ

በስምንተኛው ሳምንት የዓይን ነርቭ እብጠቱ ጠፍቶ የእይታዋ ዙሪያም ሙሉ ሆኖ ተለካ። ይህ ምርመራ ራስ ምታት ቢለቅም አይቀርም፤ ግፊቱ ሳይታወቅ ቢቆይ እይታን ከዳር ወደ መሃል ይበላል። ለወሊድ መቆጣጠሪያ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ለሁልጊዜው ተከልክሎ ሉፕ ተደረገላት። ዋርፋሪኑ 6 ወር ሞልቶት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቆመ። ሌቬቲራሴታሙም መንቀጥቀጡ ስላልተመለሰ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ተወገደ። የተሸረፈው ጥርስ ተጠገነ።

ሌላ ልጅ መውለድ ትችላለች። ስታረግዝ ግን እስከ 12ኛው ሳምንት ሳትቆይ፣ የወር አበባዋ እንደቀረ ክትትል ትጀምራለች። ለመከላከያ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ እስከ ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላም 6 ሳምንት እንድትወስድ ታቅዷል፤ ስፓይናል ከመወጋቷ በፊት ከመጨረሻው መርፌ ቢያንስ 12 ሰዓት ማለፍ ስላለበት ማደንዘዣ ሰጪው ቀድሞ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ የኤምአርአይ ውጤቱ ቅጂ ተያይዞበት፣ ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጧል። ያስቀመጡት እናቷ ናቸው።